ባሕራችን አረንጓዴ የሆነ ሰሞን

ባሕር ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠብቄያለሁ። ያውም ጉለሌ ተቀምጬ፣ ከቤታችን ጓሮ ከሚወርደው ጅረት የሚበልጥ ውኃ በዓይኔ ሳላይ። ጅረቱም ቢሆን ክረምት ካልሆነ በቀር ለአንድ ሳፋ ልብስ የሚበቃ ውኃ አልነበረውም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው በደርግ ዘመን የባሕር ኃላፊ የሆነው።

ባሕሩ ትልቅ እንዳይመስላችሁ። ርዝመቱ ሁለት ክንድ የማይሞላ፣ አራት ጎኑ መስታወት፣ በላዩ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ሣጥን ነው። ውስጡ ያለው ግን ከምጽዋ የመጣ የቀይ ባሕር ውኃ ነው። በውኃው ውስጥ ጥቂት ድንጋዮችና አንድ ዓሣ አሉ። ዓሣው መዳፍ የማያክል፣ ጀርባው ቢጫ፣ ጎኑ በጥቁር መስመር የተዥጎረጎረ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ያንገላታኝ እሱ ነው፤ ምንም እንኳ ጥፋቱ የእሱ ባይሆንም።

የላከልን ታላቅ ወንድሜ ታዬ ነበር። ያኔ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለግል ነበር። አንድ የውጭ አገር መካኒክ ወደ አገሩ ሲመለስ «አንተ ውሰድልኝ» ብሎ ሰጠው። ታዬም የሚያኖርበት ቦታ ስላልነበረው ለአንድ ጓደኛው አስይዞ በጭነት አውሮፕላን ላከልን። አብረውም ሁለት ጀሪካን የባሕር ውኃ፣ አየር የምትነፋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተርና ሁለት ገጽ ደብዳቤ መጡ።

እማዬ ሣጥኑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከጓዳ ወጥታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መዳፏን መስታወቱ ላይ አደረገች።

«ይሄ ልጄ ካለበት ውኃ ነው የመጣው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው እንግዳዬ ነው። እሱ ደህና ከሆነ ታዬም ደህና ነው። እሱ ከታመመ ደግሞ ንገረኝ፤ እንዳትደብቀኝ።»

ሳቅሁ። ቀና ብዬ ሳያት ግን እሷ አልሳቀችም። በዚያ ዘመን ከሰሜን ደብዳቤ ሲዘገይ ማንም አይስቅም ነበር። ስለዚህ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሥራዬ ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ይህ ዓሣ መሞት የለበትም። ታዬ ለፋሲካ ፈቃድ አግኝቶ እስኪመጣ ድረስ እማዬ በየጧቱ ሲዋኝ ልታየው ይገባል።

ደብዳቤውን አነበብኩላት። የመጀመሪያው ገጽ ሰላምታ ነው፤ ለእማዬ፣ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለድመታችን ሳይቀር። ሁለተኛው ገጽ «አንደኛ» ብሎ ጀመረ። ገና «አንደኛ» የምትለዋን ሳይ ደሜ ፈላ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ መመሪያ ስመዘግብ ውዬ ደግሞ ቤቴ ድረስ መመሪያ ይምጣብኝ? ለአንድ ዓሣ! በዚያ ላይ ጠረጴዛችን አንድ እግሩ አጭር ስለነበረ ይወዛወዛል። ገጹን አራት ቦታ አጠፍኩና ከእግሩ ሥር ወሸቅኩት። ጠረጴዛው ቀጥ አለ፤ እኔም በብልሃቴ ረካሁ።

ቦታውን ደግሞ አስቀድሜ መርጬ ነበር። በሰፈሩ ባሕር ያለው ቤት የእኛ ብቻ ስለሆነ ከመንገድ መታየት አለበት። ስለዚህ ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ የማይለየው መስኮት ሥር ነበር ጠረጴዛውን ያቆምኩት። ከሸጎሌ ገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ በጉን እየጎተተ ቆሞ ያያል። በጎቹም ያያሉ። እኔ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ስቤ ጋዜጣ ያነበብኩ መስዬ እቀመጣለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ድንጋዮቹ ቡናማ ዱቄት የተነሰነሰባቸው መሰሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ዱቄቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከዚያ ጠጉር አወጣ። ጎረቤታችን እትዬ የሺ ስኒ ልትመልስ መጥታ አየችና እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«እሰይ! ሣር አበቀለ። ከእንግዲህ የሚግጠው አገኘ!»

እኔም ደስ አለኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል ለመጣው ሰው ሁሉ «አገሩን ለምዷል» እያልኩ ሣሩን አሳየሁ። ሣሩ ግን በድንጋዩ አላበቃም፤ መስታወቱን ያዘ፣ የሞተሯን ቱቦ ያዘ፣ በመጨረሻም ውኃው ራሱ ጎመን የተቀቀለበት መሰለ። ዓሣው አንዴ ብቅ ይላል፣ ደግሞ ይሰወራል። እማዬ በየጧቱ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ትፈልገዋለች።

«የት አለ?»

«አለ፣ ከድንጋዩ ጀርባ ነው።»

«አሳየኝ።»

የባትሪ መብራት ይዤ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሼን እንጨት ላይ አስሬ፣ መስታወቱን እየፈገፈግኩ እንግዳዋን አስፈልግላታለሁ። ቢጫው ጀርባ ብልጭ ሲል «ተመስገን» ብላ ወደ ጓዳዋ ትገባለች። እኔ ደግሞ ሥራ ይረፍድብኛል። አለቃዬ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ «ዓሣ ጠፍቶብኝ ነው» ብዬ ነበር፤ ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ውኃውን ልቀይር ወሰንኩ። ሁለቱ ጀሪካኖች ወዲያው አለቁ፤ ሣጥኑ ግን ግማሹ ባዶ ነው። ስለዚህ ባሕር መሥራት ሊኖርብኝ ነው። በሳፋ ውኃ አስቀምጬ ጨው ጨመርኩና አማሰልኩ። ስንት ይጨመራል? ባሕር ቀምሼ አላውቅም። እማዬ ጣቷን ነክራ ቀመሰች።

«ጨው ይቀረዋል።»

እትዬ የሺም ቀመሰች። «ኧረ በዝቷል! ልትፈጁት ነው እንዴ?»

«ትንሽ ይጨመርበት፤ የሺ ድሮም ጨው አትወድም።»

ሁለቱ ሴቶች ሳፋውን ከበው ሲከራከሩ ሽንኩርት መቼ እንደሚገባ ነበር የምጠብቀው። በመጨረሻ አንድ መንገድ ብቻ ቀረ። አሮጌውን፣ ያንን አረንጓዴውን ቀምሼ ማመሳከር። ቀመስኩት። ለወንድሜ ስል ምን ያህል እንደምሄድ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጣዕሙን አልነግራችሁም፤ ምሳ የበላችሁ ሰዎች ልትኖሩ ትችላላችሁ። ጨዉ ግን ተስተካከለ።

በሳምንቱ ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ።

አሁን እትዬ የሺ መድኃኒቱን አገኘች። «ይሄን የሚያስለቅቀው እንዶድ ነው። የእኔን ነጠላ አታይም? በእንዶድ ነው።» ነጠላዋን አየሁ፤ እውነትም በረዶ ነው። እማዬ ቀበሌ ሱቅ የስኳር ወረፋ በሄደችበት ሰዓት ድንጋዮቹን አውጥቼ በተወቀጠ እንዶድ አሸኋቸው። ነጡ። በጣም ስለነጡ ያለቀለቅኳቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ መለስኳቸውና ሞተሯን አስነሳሁ። ብዙም ሳይቆይ ባሕሩ አረፋ ደፈቀ። አረፋው ክዳኑን አንስቶ በጎን መውረድ ሲጀምር ዓሣው በጎኑ ተኛ።

በዚያች ደቂቃ ጋሽ መላኩ በመስኮቱ አጠገብ ባያልፉ ኖሮ ይህ ወግ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ጋሽ መላኩ ከእኛ ፊት ለፊት የሚኖሩ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። አረፋውን አዩ፣ የያዙትን ደብተር ሁሉ መንገድ ላይ ጣሉ።

«ምን አደረግህበት?»

«እንዶድ ነው፣ ጋሽዬ። ድንጋዩን ላጥብበት ብዬ...»

«እንዶድ እኮ ዓሣ ይፈጃል! አውጣው! አሁን አውጣው!»

በእማዬ የወጥ ጭልፋ አወጣሁት። ሳፋው ላይ በተረፈው፣ እኛ በሠራነው ባሕር ውስጥ ጨመርኩት። የሞተሯ ገመድ እዚያ አይደርስም፤ ስለዚህ የብስክሌቴን ፖምፓ አምጥቼ አየር እነፋ ጀመር። ነፋሁ፣ ነፋሁ፤ ክንዴ እስኪዝል ነፋሁ። ጋሽ መላኩ ሣጥኑን ደጋግመው ያጥባሉ፤ እኔ እየነፋሁ በልቤ የማላውቀውን ጸሎት ሁሉ እጸልያለሁ። ፈርቼ ነበር። ዓሣ ስለሚሞት አልነበረም የፈራሁት። እማዬ ስኳሯን ይዛ ስትገባ ፊቷ ምን እንደሚሆን ስለታየኝ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ገባች። ሳፋውን አየች፤ ፖምፓውን አየች።

«ምን ሆነ?»

«ገላውን እየታጠበ ነው» አልኳት።

ጋሽ መላኩ ጀርባቸውን ሰጡን። ዓሣው ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ በዚያችው ሰዓት ጅራቱን መታ አደረገና ቀጥ አለ። እማዬ «ጥሩ አደረግህ፤ ከታጠበ ሰንብቶ ነበር» ብላ ስኳሯን ወደ ጓዳ ይዛ ገባች።

በማግስቱ ሣጥኑን በአዲስ የጨው ውኃ ሞልተን ዓሣውን ከመለስን በኋላ ጋሽ መላኩ ትምህርት ሰጡኝ። ነገሩ ሣር አይደለም፤ አልጌ ይባላል። ያለ ብርሃን አይኖርም። ሦስት ቀን በጨለማ ብትሸፍነው ይከስማል አሉኝ። የታዬን አሮጌ የወታደር ብርድ ልብስ አወጣሁና ከላይ እስከ ታች ሸፈንኩት።

እዚህ ላይ ስለ ረቡዕ ልንገራችሁ። እማዬ ጴንጤ ናት፤ ከወለጋ ስትመጣ ይዛው የመጣችው እምነት ነው። የእሷ ጸሎት ቤት በዚያ ሰሞን ታሽጎ ነበር። ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሦስት ጓደኞቿ ጥልፍ ይዘው ይመጣሉ፤ ጥልፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ። ሰው በተሰበሰበበት ቤት ሁሉ «ስብሰባው ምንድን ነው?» የሚባልበት ዘመን ነው። ባሕሩ ከመጣ ወዲህ ግን ጥሩ መልስ ተገኝቶ ነበር፤ «ዓሣ ልናይ መጥተን ነው» ይላሉ።

ታዲያ በዚያ ረቡዕ የሰፈራችን አብዮት ጥበቃ ጓድ ተሰማ በሩን ገፍቶ ገባ። ከትከሻው ጠመንጃ፣ በኪሱ ቆሎ አለ።

«ስብሰባው ምንድን ነው?»

«ዓሣ ልናይ መጥተን ነው» አለች አንደኛዋ።

ጓድ ተሰማ ዞር ዞር አለ። «ዓሣው የታለ?»

«ተሸፍኗል።»

«የተሸፈነ ዓሣ ነው የምታዩት?»

ሴቶቹ ጥልፋቸው ላይ አጎነበሱ። ጓድ ተሰማ ብርድ ልብሱን አየው። ከሥሩ ጉር ጉር የሚል የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ ምን እንደጠረጠረ እኔም ገብቶኛል፤ በዚያ ዘመን ተሸፍኖ ጉር ጉር የሚል ማሽን ለማንም አይበጅም። በጠመንጃው አፈ ሙዝ ቀስ አድርጎ ገለጠው።

ዓሣው ብርሃን ሲያይ ወደ መስታወቱ ቀረበ። ከጓድ ተሰማ ጋር ተያዩ። ሁለቱም ዓይናቸውን አልሰበሩም። በመጨረሻ ጓድ ተሰማ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መልሶ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ቆሎ ይበላል?»

መልስ ሳልሰጠው ሦስት ፍሬ ጨመረለት። ደግሞ እኔን ተቆጣ። «ከስቷል እኮ! አብሉት እንጂ!» ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ጥልፋቸውን አንስተው ጸሎታቸውን ቀጠሉ፤ ያን ቀን ለዓሣውም የተጸለየለት ይመስለኛል። ጓድ ተሰማም ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ለጥበቃ ሲዞር ጎራ ይላል።

ከሦስት ቀን በኋላ ውኃው ጠርቶ ነበር። በሳምንቱ አረንጓዴ ሆነ። እኔ ተስፋ ልቆርጥ ደረስኩ፤ ፋሲካ ቀርቧል፣ ከታዬም ደብዳቤ ከመጣ ስድስት ሳምንት አልፎታል። እማዬ አሁን መስታወቱ ፊት የምትቆመው ጧት ብቻ አይደለም።

ጋሽ መላኩ መጥተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «በመጀመሪያ ከፀሐይ እናርቀው» አሉ። ጠረጴዛውን በአንድ በኩል እሳቸው፣ በሌላ በኩል እኔ አነሳን። ከእግሩ ሥር የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ጋሽ መላኩ አንስተው ዘረጉት፤ ጮክ ብለው አነበቡት፦

«አንደኛ፦ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጠው። ሁለተኛ፦ ሳሙናም ሆነ እንዶድ አጠገቡ እንዳይደርስ። ሦስተኛ፦ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሁለት ጣት ቆንጥረህ አብላው፤ አረንጓዴውን የሚያበቅለው የሚተርፈው ምግብ ነው። አራተኛ፦ እማዬን ከክዳኑ አርቃት። ታውቃታለህ።»

ጋሽ መላኩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰሃል፣ አይደል?»

ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ አልነበረኝም። ማን እንደሚያበላው ለማየት፣ ወጣሁ ብዬ በጓሮ ተመልሼ ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን የሚለየው መጋረጃ ጀርባ ተቀመጥኩ። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን እትዬ የሺ ገባች፤ የዳቦ ልብ ቆርሳ ጨመረች። ጓድ ተሰማ መጣ፤ ቆሎ። ከእማዬ ጓደኞች አንዷ ለሰላምታ ጎራ አለች፤ የሽሮ ፍትፍት በጣቷ። ጋሽ መላኩ ሳይቀሩ መጡ፤ ግራ ቀኝ አይተው የብስኩት ፍርፋሪ ጣል አደረጉ፤ ለሙከራ ይሆናል ብዬ ልለፈው። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ከተናገርን አይቀር፣ ጋዜጣ ሳነብ የምቆረጥመውን ሽምብራ አካፍለው ነበር።

በምሳ ሰዓት እማዬ ትሪዋን ይዛ መጣች። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች፤ ጸለየች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለለች፤ ግን አልጎረሰችውም። ክዳኑን አንስታ በኦሮምኛ አንድ ነገር አንሾካሾከችና ውኃው ውስጥ ጣለችው። ደግማ አጎረሰችው። ከዚያ በኋላ ነው የራሷን የጀመረችው።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«እማዬ! አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ምን አደረግሁ?»

«ይሄ ሁሉ አረንጓዴ ካንቺ እጅ ነው የሚመጣው! ታዬ ራሱ ጽፏል፤ በቀን አንዴ፣ በሁለት ጣት ይላል።»

«ታዬ ምን ያውቃል? እንግዳ ዓይን ዓይኔን እያየኝ ብቻዬን ልብላ?»

«ዓሣ እኮ ነው! ዓይኑን መክደን አይችልም፤ የዓይን ቆብ የለውም።»

«ጭራሽ!» አለች አዝና። «ይበልጥ ያሳዝናላ።»

ትሪውን ገፋ አደረገችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከውኃው ጋር የምታወራ መሰለኝ።

«እዚያ ታዬ ሲራብ የሚያየው ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ የእሱን እንግዳ ካላበላሁ፣ እዚያ ያለችን አንዲት ሴት እሱን አብይው የሚላት ማን ነው? እግዜር እኮ ያያል።»

የምመልሰው ብዙ ነበረኝ። አልጌ ምን እንደሚወድ አሁን አውቃለሁ፤ ደብዳቤው በእጄ ነው። ግን መልሼ አጠፍኩት። «እንግዲያው ትንሽ ብቻ አድርጊለት» አልኳት። «እሺ» አለችኝ። የእናቶችን እሺ ታውቁታላችሁ፤ መክሰስ ላይ ክዳኑ ሲንኳኳ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቀላል ነው። እሷ ታበላለች፣ እኔ እፈገፍጋለሁ። ጧት ከሥራ በፊት በጥርስ ብሩሼ ለእሷ ፊት የምትሆን ቦታ አጸዳለሁ፤ እሷ በዚያች ቀዳዳ እንግዳዋን ታያለች፤ ደብዳቤ ሳይመጣ አንድ ቀን ይጨመራል።

ለፋሲካ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። የቆመው ሰውዬ ታዬን ይመስላል፤ ግን አንድ ታዬ ተኩል ነው። ጉንጩ ሞልቷል፤ የደንብ ልብሱ ቁልፎች ከላይኛዋ በቀር አንዷም አልተቆለፈችም። እማዬ ከጓዳ ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ እንደገና አለቀሰች። ከዚያ ወደኋላ ብላ ሆዱን አየች።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ልጄ?»

ታዬ አፈረ። «የተከራየሁበት ቤት ያሉት እናት ናቸው። ልጃቸው ሐረር በኩል ዘምቶባቸዋል። እኔን ባዩ ቁጥር ‹ና ብላ› ነው። ጠግቤያለሁ ብል ያለቅሳሉ። ምን ላድርግ? እበላለሁ።»

እማዬ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። በዓይኗ «አላልኩህም?» አለችኝ።

ታዬ ግን ባሕሩን አይቶ ኖሮ ጎንበስ አለ። ዓሣው እኔ ባጸዳኋት ቀዳዳ መጥቶ ትክ ብሎ አየው፤ እሱም ሳይወፍር አልቀረም።

«ምነው እንዲህ አረንጓዴ ሆነ? ሁለተኛውን ገጽ አላነበብከውም?»

«አንብቤዋለሁ» አልኩት። «አራተኛው ላይ ግን፣ ስለ እማዬና ስለ ክዳኑ፣ ተሳስተሃል።»

እማዬ ምግብ አቀረበች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለታዬ ሰጠችው፤ ሁለተኛውን ይዛ ክዳኑን አነሳች። እኔ ተነስቼ ብሩሼን አመጣሁ።